የጭራሮ ድርሻ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለጭራሮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያለሽበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁና ደረብ አድርገሽ ልበሺ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም፣ ጥዶቹም ደህና ናቸው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ቢኖር ኖሮ «መጀመሪያ ስለ ጥዶቹ ጻፍ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰው ይቀድማል ብዬ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ የጣውላ ነጋዴ መጣ። ሜትሮ እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ስለሚዞር ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ነው የሚለው፤ ሌላም ስም ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብሎ ዳገቱን ሽቅብ አየና፣ ይሄን ሁሉ በቁሙ ልግዛዎት አለኝ። ሙልጭ አድርጎ ቆርጦ፣ ጉቶውን ነቅሎ፣ በምትኩ ቶሎ የሚደርስ ባሕር ዛፍ ሊተክልልኝም ቃል ገባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩት። ሳቀ። ሊሄድ ሲነሳ ግን አንዱን ጥድ ሊገዛው እንደመጣ በሬ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፤ ይሄኔ ደሜ ፈላ።

እዚያው ላባርረው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዳገቱ ግማሽ የአባትሽ ነው፣ የአባትሽ ደግሞ ያንቺ ነው። አንቺን ሳልጠይቅ ያንቺን ገበያ ማባረር ነውር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው መጥቷል ብዬ እነግርሻለሁ። ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለወጉ ያህል ጻፊልኝ።

ያ ዳገት ከመትከላችን በፊት ምን እንደነበር አንቺ አላየሽም። ፍየል የማይቆምበት ቀይ ገላጣ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ተንዶ የታችኛውን ሰፈር በር ይዘጋ ነበር። አባትሽ ከፊት ጉድጓድ እየቆፈረ፣ እኔ ከኋላ ችግኝ እያስገባሁ፣ ከሥራ መልስ በየቀኑ እየወጣን ተከልነው። ሰፈሩ ሳቀብን። «የእብዶች ዳገት» ብለው ስም አወጡለት፤ እስከ ዛሬም ስሙ ያው ነው። አሁን ግን ያ የሳቀ ሰፈር ሁሉ ከዳገቱ ሥር በፈለቀው ምንጭ ልብሱን ያጥባል። በዚያ በኩል ሳልፍ ደረቴን ነፍቼ ነው። «ኩራት እራቱ» ይሉኛል ከኋላዬ፤ ይበሉ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ገንዘብ አትላኪ፣ ብትልኪም እመልሰዋለሁ። ቦት ጫማዬ ግን ተበስቶ ውሃ ያስገባል። የእግሬን ነገር ታውቂዋለሽ፣ እዚህ ልኩ አይገኝም። እዚያ እንደኔ ያለ ባለ ትልቅ እግር ካለ ጠይቂልኝ።

ፈጣሪ በሄድሽበት ይጠብቅሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 22

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ጤናዎን ከልቤ እየጠየቅኩ ጉልበትዎን ሳምኩ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሳልከፍተው አሸተትኩት። የጥድ ሙጫ ሸተተኝ። ግን እኔም ቀኑን ሙሉ ጥድ ስነካ ስለምውል፣ ሽታው ከፖስታው ይሁን ከእጄ መለየት አቃተኝ።

ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። ጣውላው ከመሰንጠቂያው ወጥቶ በሚንከባለል ማጓጓዣ ወደኔ ይመጣል። እኔ ጠመኔ ይዤ ቆሜያለሁ። ጉጥ አለው? ተሰንጥቋል? ሻግቷል? ከዚያ ጫፉን አያለሁ። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምር የለ? የጠገበበት ዓመት ሰፊ ነው፣ የተራበበት ዓመት ጠባብ ነው፤ ጫፉን ያየ ሰው የዛፉን ኑሮ ሁሉ ያያል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብዬ ምልክት አድርጌ አሳልፋለሁ። አንደኛው ለመስኮትና ለጠረጴዛ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ለሳጥን። ስህተቴ ጥቂት ስለሆነ እዚህ ሁሉም ያውቀኛል። ይህን ስጽፍ ደረቴን እንደነፋሁ ይወቁልኝ፤ ከማን እንደወረስኩት አላውቅም።

ከፋብሪካው ጀርባ በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ አለ። ባለቤቱ አርጅቷል፣ ሊያርፍ ነው። ለሌላ ከመሸጡ በፊት ለኛ ለሠራተኞቹ ዕድል ሰጥቶናል። እኔና አንድ ባልደረባዬ አብረን ልንይዘው እንፈልጋለን። ጋሼ፣ ሌላው የሠራውን ሳሳልፍ መኖር ሰልችቶኛል። በእጄ አንድ በር ሠርቼ ሰው ሲከፍተው ማየት እፈልጋለሁ።

ምን እንደምትዪ አውቃለሁ ብለውኛል። አላወቁም። የኔ ግማሽ ይሸጥልኝ።

እንደሚቆጡ ይገባኛል። ግን ባለፈው ዓመት የላኩልኝን ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር አይቼዋለሁ። ጥዶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። የታች ቅርንጫፋቸው ደርቋል፣ አናታቸው ላይ ብቻ እፍኝ የማትሞላ ቅጠል ቀርታለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ አንድም አልቆረጡም አይደል? ያቺ የደን ባለሙያ «ደንዎ ርቦታል፣ ያሳሱት፤ ከመሃል ከመሃሉ ቆርጠው ያውጡ» ብላ ብትመክርዎ በር አሳይተዋታል አሉ። እኔን በልጅነቴ ጭራሮ ብላችሁ ስትስቁብኝ ኖራችሁ፤ ይኸው ዳገቱ ሙሉ ጭራሮ ሆነ።

ቦት ጫማውን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። ሻጩ ልኩን ስነግረው ሁለቴ አስደገመኝ።

የእርስዎ ጭራሮ


ጥር 30

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ቶሎ ያልመለስኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ነፋስም ነበር፣ ጥቂት ዛፎች ጣለ።

ግማሼ ይሸጥ ብለሻል። መብትሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ግን ነይና ግማሽሽ የትኛው እንደሆነ አሳዪኝ። ጉድጓዱን አባትሽ ቆፈረ፣ ችግኙን እኔ አስገባሁ። ሲደክመው እኔ ቆፈርኩ፣ እሱ አስገባ። በእኔና በእሱ መሃል ወሰን የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም፤ ድንጋይ አልተከልንም፣ ገመድ አልዘረጋንም። የሱ እጅ ያላረፈበት አንድ ዛፍ አሳዪኝና ሜትሮን ራሴ ጠርቼ አስረክበዋለሁ።

ተደጋግፈዋል ላልሽው፣ ሰውም ሲደጋገፍ ነው የሚቆመው።

ጫማው ደርሷል። ጥሩ ጫማ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀኙን እያደረግኩት ነው።

አጎትሽ


የካቲት 18

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ደብዳቤዎ አጭር ነበር፤ እኔም ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም። «የወንድሜ ልጅ» ብቻ ብለው ጀመሩት፣ ጭራሮ የሚለውን አስቀሩት።

ሐቅዎን ነው፣ ዳገቱ አይከፈልም። እኔም መሬቱ ይከፈል አልልም። ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ዛፎች አንዱ የኔ፣ አንዱ የእርስዎ ይሁን። የኔዎቹ ይውጡ፣ የእርስዎ ይቅሩ። ወሰን አያስፈልገንም፣ ገመድም አንዘረጋም። የሚቀሩትም ፀሐይ ያገኛሉ። የትኛው ለማን እንደሚሆን እርስዎ ይምረጡ። የመረጡልኝን ሳላይ ተቀብያለሁ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ሰው የቀኝ እግሩን ጫማ ብቻ የሚያደርገው ምን ሲሆን ነው?

የእርስዎ ጭራሮ


ሚያዝያ 6

ይድረስ ለጭራሮ፣ ለአባትሽ ምትክ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

ድርሻሽን ለይቼልሻለሁ። ያልሽው ነገር መጀመሪያ ቢያናድደኝም ሳስበው ትክክል ነው፤ ወንድማማች ጎን ለጎን እንደሚቀመጥ ዛፉም አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የኔ ይሆናል። ታዲያ ሳካፍል ሰው እንዲያፍርብኝ አላደረግኩም። «የወንድሙን ልጅ ጠማማ ጠማማውን ሰጥቶ አንጓለላት» ተብሎ ከሚወራብኝ በቁሜ ብቀበር ይሻለኛል። ከየሁለቱ ጥዶች ቀጥ ያለው፣ ወፍራሙ፣ አናቱ የለመለመው ያንቺ ነው። ከምንጩ በላይ ያለውን ረጅሙን ሰጥቼሻለሁ። አባትሽ ጀርባውን አስደግፎ ምሳውን የሚበላበትን ሰጥቼሻለሁ። እኔ የተጣመመውን፣ መንታውን፣ አናቱ የደረቀውን ይዣለሁ፤ ለኔ ይበቃኛል፣ እኔም ያው እንደነሱ ነኝ።

በያጁ ጎረቤታችን የኖራ ባልዲ ተሸክሞ ወጣ። እኔ ከታች ሆኜ የትኛው እንደሆነ በቃሌ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይቀባል። «ከምንጩ ተነስተህ ሽቅብ፣ ከትልቁ ድንጋይ በስተግራ» ስለው ሄዶ ያገኘዋል። «እርስዎ ጥዶቹን ከልጆቼ ስም በላይ ያውቋቸዋል» አለኝ። ልጆቹ ስድስት ናቸው፤ እኔ የማውቀው ግን ደን ነው።

ሜትሮ መጥቶ ምልክቱን ሲያይ ፊቱ ፈካ። ተንጠራርቶ ትከሻዬን ሳመኝና «ጌታዬ፣ እርስዎ ሰው ነዎት» አለኝ። ነኝ አልኩት። ክረምቱ ሳይጠና፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ሊቆርጥ ተስማምተናል። ድርሻዋን ትሸጥልሃለች ብዬ በእማኝ ፊት ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ወርክሾፕሽን ያዢ፤ በር ስትሠሪ የመጀመሪያውን ለኔ።

ጫማ ከእንግዲህ አትላኪልኝ። ካላስቸገርኩሽ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ያ በሁለት ዓይን የሚያዩበት፣ ከተገኘ እሱን ላኪልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 25

ጋሼ፤

ጤናዎን ሳልጠይቅ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፣ አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ምርጫውን ለእርስዎ ስተውልዎ ደህና ደህናውን ለራስዎ አስቀርተው ደካማውን እንደሚሰጡኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እኔም የፈለግኩት እሱኑ ነበር። ስስትዎን ተማምኜ ኩራትዎን ረሳሁት። ጋሼ፣ በምድር ላይ ድርሻ ሲያካፍል ይህን የሚሳሳት ከኛ ቤት ሌላ ማን አለ?

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። ሜትሮ ትከሻዎን የሳመው በከንቱ አይደለም። ከመንጋው ምርጥ ምርጡን አርዶ በከሲታው ርቢ የሚጀምር ከብት አርቢ አይተው ያውቃሉ? ቀጥ ያሉት ከወጡ ዘር የሚጥሉት ጠማሞቹ ይሆናሉ። አናታቸው የደረቀው ፀሐይ ቢያገኙም አይነሱም። አንድ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ የሚደገፉበት የለም፣ ይረግፋሉ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ የእብዶች እንኳ አይሆንም፣ መልሶ የፍየል ይሆናል።

ስለዚህ ድርሻዬን እመልሳለሁ። የኔ ጠማማው ይሁን። የኔ የደረቀው፣ የታመመው፣ ሌላ ዛፍ የተጫነው ይሁን። ለማገዶም ለአጥር እንጨትም ሜትሮ ያንሳው። ቀጥ ያለው ቆሞ ይደግ።

መነጽሩን ገዝቼዋለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ግን አልልከውም። ጫካው ሥር የሚኖር ሰው ጫካውን ከሩቅ ማየት ለምን አስፈለገው? በያጁ ኖራ ሲቀባ እርስዎ ለምን ከታች ሆኑ? ግራ እግርዎ ምን እንደሆነ እስኪነግሩኝ መነጽሩ እኔ ዘንድ ይቆያል።

ጭራሮ


ግንቦት 14

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጭራሮ፤

ጤና ለአንቺ ይሁን።

የሰጠሁሽን መለስሽብኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የሰጠሁትን የመለሰልኝ ሰው የለም። ደብዳቤሽን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ በማግስቱም አወጣሁት። እንዳልሽው መነጽሩን ያዢው ልል ነበር፤ ግን ዳገቱን ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆነኝና ልቤ ተሸነፈ። እነግርሻለሁ።

በጥር ወር በመጣው ነፋስ ጊዜ እላይ ነበርኩ። ከተደጋገፉት አንዱ ሲሄድ ሌላውንም ይዞ ሄደ፣ ሦስተኛው እኔ ላይ መጣ። ጉልበቴን ነው የመታኝ። ሐኪሙ ብረት አስገብቶ ጠግኖታል፣ በምርኩዝ ከአልጋ እስከ በረንዳ እደርሳለሁ። ዳገት ግን ከእንግዲህ የለም አለኝ። የግራው ጫማ እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ያልነገርኩሽ አንቺን ላለማስጨነቅ ይመስልሽ ይሆናል። አይደለም። ጥዶቹ መቱኝ ብዬ ላሳጣቸው አልፈለግኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራባቸው ኖሬ፣ ያቺ ባለሙያ «አላልኩዎትም?» ስትል፣ አንቺም ስትዪ ታየኝ። ለነሱ አፈርኩላቸው።

ለምን አላሳሱትም ካልሽኝ ደግሞ፣ ሞክሬያለሁ። አባትሽ ካረፈ በኋላ መጋዝ ይዤ የወጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። ሲቆፍር ያፏጭ እንደነበር ታስታውሺያለሽ? ግንዱ ሥር በተንበረከክኩ ቁጥር ያ ፉጨት ይመጣብኛል። ይህንን ጉድጓድ እሱ ቆፍሮት እኔ እንዴት ባዶ ላድርገው እላለሁ፣ መጋዜን አንጠልጥዬ እወርዳለሁ። ሰው ደኑን ይወዳል ይለኛል፤ እኔ የወደድኩት ቆፋሪውን ነበር።

ያም ሆነ ይህ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምረውም። ሜትሮ ሰኔ መግቢያ ላይ ይመጣል፣ ምልክት ያለበትን ይቆርጣል። እኔ በርና መስኮቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

አጎትሽ


ግንቦት 27

ጋሼዬ፤

ፈቃድ ወስጃለሁ። ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ ቀድሜ እደርስ ይሆናል።

ቃልዎን አያጥፉ። ለሜትሮ ያሉት «ድርሻዋን ትሸጥልሃለች» ነው። ድርሻዬ የቱ እንደሆነ የምናገረው ደግሞ ባለቤቷ ነኝ። እስክመጣ አንድ ባልዲ ኖራ ያስበጥብጡልኝ። የድሮውን ምልክት የሚፍቅልኝ ሽቦ ብሩሽም በያጁ አያጣም።

መነጽሩን በእጄ ይዣለሁ። በርና መስኮትዎን ይክፈቱ።

ጭራሮ


ነሐሴ 3

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፤

በሰላም ገብቻለሁ፤ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ? የኔ እግር ገና ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል፣ ደልዳላ ወለል ላይ ያደናቅፈኛል።

እዚህ ማጓጓዣው ሲንኳኳ ያ የቆርቆሮ ሳህንዎ ይመስለኝና ቀና እላለሁ። እኔ እላይ ኖራ ስቀባ፣ እርስዎ በረንዳ ላይ መነጽር ደቅነው፣ የመረጥኩት ካልተስማማዎ ሳህኑን በመዶሻ ሲያንጓጉት፤ እኔም የማይሰሙኝን ሰው ስሰድብ። ሰዉ ምን እንዳለን ያውቃሉ? ዳገቱ ስሙን አገኘ አሉ።

ያን ጠማማውን ግን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ኖራውን ስቀባው ሳህኑን ሲመቱ፣ ሲመቱ፣ በያጁ እሳት ተነሳ ብሎ ውሃ ይዞ እስኪወጣ ድረስ መቱ። ወርጄ መጣሁ። ሊሰድቡኝ ነው ስል፣ «እሱን እኔ ነኝ የቆፈርኩት፣ አባትሽ ነው ያስገባው። ሥሩን አጣሞ ሲያስገባ አይቼ ስቄበት ነበር፣ ይሄ ቀጥ ብሎ ካደገ ስሜን ቀይሩት አለ» አሉኝ። ተመልሼ ወጥቼ ኖራውን በቀሚሴ ጠረግኩት። ማንም ባለሙያ ቢያየን ይታዘበን ነበር፤ ይታዘበን።

ሜትሮ ያኮረፈው ኩርፊያ አሁንም ያስቀኛል። «የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ ማገዶ ነው» ሲለኝ፣ አዎ ድርሻዬ ነው አልኩት። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ እርስዎ ከጎኔ ቆመው «ቃሌ ቃል ነው፣ ድርሻዋን ይዘህ ሂድ» ሲሉት ነው። ፈረስ የሰጡት እንጂ ፍልጥ የሸጡለት አይመስሉም ነበር።

ለጥዶቹ ሰላምታ ይንገሩልኝ።

የእርስዎ ጭራሮ


መስከረም 11

ይድረስ ለጭራሮ፤

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። እዚህ ደህና ነን፤ ነን ያልኩት እኔና ዳገቱ ነው። ፀሐይ መሬት ደርሷል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እዚያ መሬት ላይ የፀሐይ ጨረር አላየሁም ነበር። ሣር ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት መነጽሬን ይዤ ሣሩን አያለሁ።

ስለ ወርክሾፑ ግን አንድ ቃል አልጻፍሽም። እዚህም ሳለሽ ዝም አልሽ፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ሁለታችንም ያንን የተማርነው ከአንድ ቤት ነው። የጠማማ እንጨት ዋጋ ምን እንደሚሞላ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቤበታለሁ። ከኔ ድርሻ ከምንጩ በላይ ያለው ረጅሙና አባትሽ የሚደገፈው፣ ሌሎችም ከነሱ ጋር፣ ይሸጡ። ይህን የምልሽ ተገድጄ አይደለም። ለአባትሽ ልጅ የሚሆን ዛፍ ከሌለኝ ዛፉ ምን ያደርግልኛል? ቶሎ መልስ ስጪኝ፣ ልቤ ሳይመለስ።

አጎትሽ


መስከረም 26

ጋሼ፤

አይነኩትም። ከነኩት ከዚህ ሆኜ ሳህን እመታለሁ።

ወርክሾፑን ባልደረባዬ ከሌላ ሰው ጋር ያዘው። አላለቀስኩም ብልዎት ውሸት ይሆናል። ግን ረጅሙን ሽጬ ባገኘሁት ወርክሾፕ ውስጥ በር በሠራሁ ቁጥር የማየው እሱኑ ነው፤ እንዲህ ያለ በር አይዘጋም፣ አይከፈትም። እርስዎ ሊሰጡኝ መነሳትዎ ደርሶኛል፣ አንጀቴን አርሶታል። ከእንግዲህ ዛፍ የለኝም ብዬ አላወራም። ድርሻዬ ቆሟል፣ እያደገ ነው።

የእርስዎ ጭራሮ


ጥቅምት 9፣ ከአራት ክረምት በኋላ

ይድረስ ለጭራሮ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ጤናሽ ይብዛ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተጠቀለለውን ስታዪ ምን ጉድ ነው እንዳትዪ፤ የግንድ ቁራጭ ነው።

ሰሞኑን ያ የጥር ነፋስ ዓይነት መጥቶ ነበር። መነጽሬን ይዤ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ፣ በያጁ ይግቡ እያለ ለመነኝ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ጥዶቹ ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ፣ ቆሙ። ለየብቻቸው ቆሙ። አንድ ብቻ ወደቀ። የትኛው መሰለሽ? አባትሽ አጣሞ ያስገባው። እኔም አልቆረጥኩትም፣ አንቺም አልቆረጥሽውም፤ በራሱ ጊዜ ሄደ። ማልቀስ አማረኝ፣ ከዚያ ስቄ ዋልኩ። ስሙን ሳንቀይርለት ቀረን።

ያቺ የደን ባለሙያ አሁን ደን ያላቸውን ሰዎች እየያዘች ትመጣለች። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ «ያላሳሳ አያሳድግም» እያልኩ እደሰኩርላቸዋለሁ። ሐሳቡ ከኔ የፈለቀ ነው የሚመስላቸው፤ አላረምኳቸውም። የዳገቱን ስም እንቀይረው ያሉም ነበሩ፣ እንቢ አልኩ። ስሙን ሠርተን ያገኘነው ነው።

አሁን ሥራሽን ሥሪ። ይህንን ቁራጭ እዚያ እንደሚመጣው ጣውላ መርምረሽ ደረጃ ስጪው። የአጎቴ ነው ብለሽ እንዳታዳዪ። እውነቱን ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለማከብርዎት ጋሼ፤

ጤናዎ ይብዛልኝ። ቁራጩን ይዤ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። ባለፈው ዓመት ባልደረባዬ በር ሠሪ አድርጎ እንደወሰደኝ ነግሬዎት ነበር፤ ባለቤት አይደለሁም፣ ግን በር እሠራለሁ። ጫፉን ላግኩት፣ ውሃ ቀባሁት፣ መብራት ሥር አደረግኩት።

እውነቱ ይሄ ነው። ጠማማ ነው፣ መሃሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል፣ ጉጥ አለው። ሦስተኛ ደረጃ ነው ጋሼ፣ ለሳጥን። አላዳላሁም።

ቀለበቶቹን ግን ልንገርዎት። መሃሉ ላይ ሰፋፊ ናቸው፤ እናንተ ሁለታችሁ ሳላችሁ ነው፣ ፀሐይም ቦታም ነበረው። ከዚያ አባቴ ያረፈበት ዓመት አለ። ከዚያ ወዲያ ቀለበቶቹ እንደ ክር ቀጥነዋል፣ በጥፍሬ እየለየሁ ነው ያየኋቸው። ስንት ዓመት እንዳዘኑ እንጨቱ ላይ አለ። ከዚያ ጠርዙ ላይ፣ ልክ ከቅርፊቱ ሥር፣ የመጨረሻዎቹ አራቱ ሰፊ ናቸው። እንደ መሃሉ ሰፊ ናቸው ጋሼ። አጠገቤ የቆሙት የማን እንጨት ነው ብለው ጠየቁኝ። የኛ ነው አልኳቸው፤ ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ መሰለኝ ሁሉም መጋዛቸውን አቆሙ።

ቁራጩን አልመልስልዎትም። ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል።

በሚመጣው ሰኔ እመጣለሁ። ባለሙያዋ እንደገና የሚሳሳበት ጊዜ ደርሷል ብላ ጽፋልኛለች፤ ከእርስዎ ጀርባ መጻጻፋችንን አሁን ይወቁት። ለዳገት የሚሆን ጫማ አልገዛም። ያኔ ከላኩልዎት ቦት ጫማ የግራው አዲስ ነው፣ የቀኙ አርጅቶ ከሆነ ያሰፉልኝ። እግሬ ቢዋኝበትም ካልሲ ደራርቤ አደርገዋለሁ። ሳህኑን ደግሞ እንዳይጥሉት። የሚከራከረኝ ከሌለ ምልክት ማድረግ አልችልም።

የእርስዎ ጭራሮ